ስምን መልአክ ያወጣዋልን?
ስለ ዎልሲንግሃም መንደርና ስሙን ስለ ተሸከሙ ሰዎች የቀረበ ትምህርት



«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። ልጅ ሲወለድ፥ በተለይም ለጥምቀት ሲዘጋጅ፥ ወላጆችና የክርስትና አባት ወይም እናት ስም ለመምረጥ ሲወያዩ ይህ አባባል ሳይነሣ አይቀርም። አባባሉ መልካም ነው፤ ስም እንዲያው በዘፈቀደ የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን ያስተምራልና። ነገር ግን በሚገባ ካልተረዳነው ወደ ስሕተት ሊመራን ይችላል። ስሙ ያማረ ሰው ሁሉ ያማረ ሕይወት እንዳለው፥ የወገኑ ስም ክፉ ትዝታ የሚያስነሣ ሰው ደግሞ ከክፋት የማይርቅ እንደ ሆነ አድርገን መፍረድ እንጀምራለን። «የእገሌ ልጅ አይደለምን? ከዚያ ቤት ምን ደግ ነገር ይወጣል?» የሚለው ንግግር በየቁምስናችን ደጃፍ ሳይቀር ይሰማል።

ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር አንድ ስም ብቻ መርጠን ታሪኩን ልናጠና ወደድን። ስሙ ዎልሲንግሃም ይባላል። በምሥራቅ እንግሊዝ፥ በኖርፎክ አውራጃ የምትገኝ የገጠር መንደር ስም ነው፤ በዚያው ልክ የብዙ ሰዎች መጠሪያ ሆኖአል። በዚህ ስም ከተጠሩት መካከል መነኩሴ አለ፥ ሕንጻ ያነጸ አለ፥ ካህናትን ያሳደደ አለ፥ ስለ ክህነቱ የተሰደደም አለ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

ስሙ ከየት መጣ?

ዎልሲንግሃም የሚለው ቃል ከጥንታዊው የእንግሊዝ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «ዋልስ» የተባለ ሰው ስም ነው፤ ሁለተኛው «ወገኖች» ወይም «ቤተሰብ» ማለት ነው፤ የመጨረሻው «ሃም» የሚለው ደግሞ «መኖሪያ» ወይም «ሰፈር» ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ አነጋገር «የእነ ዋልስ ሰፈር» ብንል ትርጉሙን አልሳትነውም። ዋልስ ማን እንደ ነበረ፥ ደግ ይሁን ክፉ፥ የሚናገር መዝገብ የለም። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ሰው ለመንደሩ ስሙን ሰጠ። በኋላ ደግሞ መንደሩ ለሰዎች ስሙን መልሶ ሰጠ። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። በእንግሊዝ ግን በመካከለኛው ዘመን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም እየተለመደ ሄደ፤ ከመንደሩ ወጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ገዳም የገባ ሰውም ብዙ ጊዜ በትውልድ ስፍራው ስም ይጠራ ነበር። «ከዎልሲንግሃም የመጣው» የተባለው ሰው ልጆች፥ መንደሩን አንድም ቀን ሳያዩት፥ ስሙን ወርሰው ኖሩ። ዛሬ መንደሩ ታላቁና ትንሹ ዎልሲንግሃም ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ የሚያስገርመው ግን ከሁለቱ የሚሰፋው ትንሹ የተባለው ነው። ከዚህ እንኳ ስም ሁልጊዜ የነገሩን መጠን እንደማይገልጥ እንማራለን።

የናዝሬት ቤት በኖርፎክ

መንደሩን በዓለም ያስታወቀው በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም ስም የተሠራው መቅደስ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በ1061 ዓ.ም. ሪቸልዲስ ዴ ፋቨርሽ የተባለች መበለት እመቤት ስትጸልይ እመቤታችን በመንፈስ ወደ ናዝሬት ወስዳ መልአኩ ገብርኤል ያበሠረበትን ቤት አሳየቻት፤ ልኩን ወስዳም በመንደርዋ እንዲህ ያለ ቤት እንድትሠራ አዘዘቻት። የታሪክ ተመራማሪዎች ጅማሬውን ወደ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። ሆኖም በዚያ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ አውግስጢኖሳውያን ካህናት በስፍራው ገዳም መሥርተው እንደ ነበረ፥ ከእንጨት የተሠራውንም ትንሽ ቤት ይጠብቁ እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ዎልሲንግሃም «የእንግሊዝ ናዝሬት» ተባለች። ነገሥታትም ሆኑ ድሆች ወደ እርስዋ ይነግዱ ነበር። ከመንደሩ አንድ ማይል ያህል ርቆ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቅድስት ካተሪና ስም የተሠራ ትንሽ ቤተ ጸሎት አለ፤ «የጫማ ቤተ ጸሎት» ይባላል። ነጋድያኑ በዚያ ጫማቸውን አውልቀው የቀረውን መንገድ በባዶ እግራቸው ይሄዱ እንደ ነበረ ይነገራል። ወደ ተቀደሰ ስፍራ ሲገቡ ጫማን ማውለቅ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር ስላልሆነ (ዘጸ. 3፥5) ይህን ልማድ በቀላሉ እንረዳዋለን። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛም በወጣትነቱ፥ በ1511 ዓ.ም.፥ ወደዚያ ነግዶአል። በ1512 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ ሊቅ ኤራስመስ ስፍራውን ጎብኝቶአል።

ነገር ግን ያው ንጉሥ በኋላ ከሮም ተለይቶ ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። በ1537 ዓ.ም. የገዳማትን መዘጋት ለመቃወም በመንደሩ ተማክረዋል የተባሉ 11 ሰዎች በሞት ተቀጡ፤ ከእነርሱም አንዱ የገዳሙ ምክትል አለቃ ኒኮላስ ማይልሃም ነበረ። አለቃው ሪቻርድ ቮወል ግን ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ገዳሙን አስረከበና ጡረታ ተቆረጠለት። በ1538 ዓ.ም. መቅደሱ ፈረሰ፤ የእመቤታችንም ምስል ወደ ለንደን ተወስዶ ተቃጠለ። በአንድ ገዳም፥ በአንድ ስም፥ በአንድ ማዕድ የኖሩ ሁለት ወንድሞች በፈተና ቀን እንዴት እንደ ተለያዩ ልብ እንበል።

ስሙን ይዘው የወጡ

መቅደሱ ከመፍረሱ በፊት የመንደሩ ስም በሁለት መነኮሳት አማካይነት ተከብሮ ነበር። የመጀመሪያው አለን ዘዎልሲንግሃም ነው። እርሱ በኢሊ ካቴድራል የንዋያተ ቅድሳት ኃላፊ ሳለ በ1322 ዓ.ም. የካቴድራሉ መካከለኛ ግንብ በድንገት ፈረሰ። አለን ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በፈረሰው ግንብ ፋንታ ስምንት ማዕዘን ያለው ከላይ ብርሃን የሚቀበል ሕንጻ እንዲሠራ መራ። ሥራው 20 ዓመት ያህል ፈጀ፤ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ሁለተኛው ቶማስ ዎልሲንግሃም በቅዱስ አልባን ገዳም የኖረ ቤኔዲክቶሳዊ መነኩሴ ነው። እስከ 1422 ዓ.ም. ገደማ በሕይወት ኖሮ የዘመኑን ታሪክ ጻፈ፤ የ1381ን የገበሬዎች ዓመፅ የሚያጠኑ ሁሉ የእርሱን ዜና መዋዕል ይመለከታሉ። አንዱ በድንጋይና በእንጨት፥ ሌላው በቀለም አገለገለ።

ሁለቱ ፍራንሲስ

አሁን ወደ ትምህርታችን ዋና ነጥብ ደርሰናል። ከመቅደሱ መፍረስ በኋላ ፍራንሲስ ዎልሲንግሃም በሚል በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ሰዎች ተነሡ።

የመጀመሪያው በ1532 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ በለንደንና በኬንት የኖረ ነበረ። ካቶሊካዊትዋ ንግሥት ሜሪ 1ኛ በነገሠችበት ዘመን (1553-1558) ፕሮቴስታንት ስለ ነበረ ወደ ውጭ አገር ተሰደደ። በዚያ ዘመን ወደ 280 የሚጠጉ ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጥለው መሞታቸውን ልንሸሽገው አይገባም። በኋላም በፓሪስ የእንግሊዝ አምባሳደር ሆኖ ሳለ፥ በነሐሴ 1572 ዓ.ም.፥ በቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ካቶሊካውያን ነን የሚሉ ሰዎች በሺህ የሚቈጠሩ ፕሮቴስታንቶችን ሲገድሉ በከተማው ነበረ፤ ቤቱም ለሸሹት መጠጊያ ሆነ። ይህን ያየ ሰው ካቶሊካውያንን ቢፈራና ቢጠላ ከየት እንዳመጣው መረዳት አያዳግትም። መረዳት ግን ማጽደቅ አይደለም።

በ1573 ዓ.ም. የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ዋና ጸሐፊ ሆነ። በብዙ አገሮች ሰላዮችን አሰማርቶ የመንግሥቱን ጠላቶች ይከታተል ነበር። በ1585 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በውጭ አገር ክህነት ተቀብሎ ወደ እንግሊዝ የሚገባውን ካህን ሁሉ እንደ ከሃዲ በሞት እንዲቀጣ፥ እያወቀ የሚያስጠጋውም ሰው እንዲሁ እንዲሞት አዘዘ። በ1586 ዓ.ም. በቢራ በርሜል ተደብቀው የሚላላኩትን የሜሪ ስቱዋርትን ደብዳቤዎች ሰዎቹ በምስጢር አንብበው በንግሥቲቱ ላይ የተመከረውን ሴራ ገለጡ፤ ሜሪም በየካቲት 8 ቀን 1587 ዓ.ም. አንገትዋ ተቀላ። በአንድ በኩል እውነተኛ ሴራ ነበረ፤ በሌላ በኩል ከሴራ ጋር አንዳች ግንኙነት የሌላቸው፥ ቅዳሴ ከመቀደስና ኑዛዜ ከመስማት በቀር ሌላ ያልሠሩ ካህናት በዚያ ዘመን ደማቸው ፈሰሰ። ከእነርሱ አንዱ በ1581 ዓ.ም. የተገደለው ኢየሱሳዊው ቅዱስ ኤድመንድ ካምፒዮን ነው። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1970 ዓ.ም. ከ39 ሌሎች የእንግሊዝና የዌልስ ሰማዕታት ጋር ቅድስናውን አውጀዋል።

ጸሐፊው በሚያዝያ 6 ቀን 1590 ዓ.ም. ብዙ ዕዳ ትቶ ሞተ፤ በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም በሌሊት ያለ ታላቅ ሥርዓት ተቀበረ። የእመቤታችንን መንደር ስም የተሸከመው ሰው የእመቤታችንን ልጆች ሲያሳድድ ኖሮ አለፈ።

ሁለተኛው ፍራንሲስ ዎልሲንግሃም በ1577 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ልጁን ሳያይ ሞተ፤ ያሳደገው አጎቱም የዚያ ባለ ሥልጣን ዘመድ ነበረ። ይህ ወጣት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ1603 ዓ.ም. የዲቁና ማዕርግ ተቀበለ። ነገር ግን ኢየሱሳዊው ሮበርት ፐርሰንስ የጻፈው አንድ መጽሐፍ በእጁ ገባና በልቡ ጥያቄ አሳደረ። ጥያቄውን አልቀበረውም፤ ለንጉሥ ጄምስ 1ኛ ሳይቀር በጽሑፍ አቀረበ፥ የሁለቱንም ወገን መጻሕፍት አነጻጽሮ አነበበ። በመጨረሻ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በ1606 ዓ.ም. በሮም ወደሚገኘው የእንግሊዛውያን ኮሌጅ ሄደ፥ በ1608 ዓ.ም. ክህነት ተቀበለ፥ የኢየሱሳውያንም ማኅበር አባል ሆነ። የፍለጋውን ታሪክ በ1609 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞ፥ በ1647 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ለእንግሊዝ ካቶሊካውያን ደከመ።

አባ ፍራንሲስ ሲያገለግል ያ የ1585 ሕግ ገና አልተሻረም ነበር። ዘመዱ ሹም በነበረበት ጊዜ የወጣው ሕግ እርሱን ራሱን ለሞት የሚያበቃ ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ካህናት ስሙን ለወጠና «ጆን ፌነል» ተባለ። ታላቁ የቤተሰብ ስም ምንም አልጠቀመውም፤ ስለ በጎቹ ሲል ስሙን እንኳ ተወ። ስማቸውን ለማስጠራት ብዙ የሚደክሙ አሉ፤ ይህ ካህን ግን ስሙን ደብቆ የክርስቶስን ስም አስጠራ።

መንደሩስ ምን ሆነ?

የዎልሲንግሃም መቅደስ ከ350 ዓመታት በላይ ዝም አለ። ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን የምሥራቁ ግድግዳ ቅስት ብቻ ቆሞ ቀረ። የጫማ ቤተ ጸሎትም ጎተራና የከብት ማደሪያ ሆነ። በ1896 ዓ.ም. ግን ሻርሎት ቦይድ የተባለች ካቶሊካዊት ሴት ይህን ቤት ገዝታ ለቤተ ክርስቲያን መለሰች። በ1897 ዓ.ም. በር.ሊ.ጳ. ሊዮን 13ኛ ፈቃድ ንግደቱ እንደገና ተጀመረ፤ በ1934 ዓ.ም. ቤተ ጸሎቱ የእንግሊዝ ካቶሊካውያን ብሔራዊ መቅደስ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ፍራንሲስ መቅደሱን ወደ ባዚሊካ ማዕርግ ከፍ አደረጉት። በመጋቢት 2020 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ካቶሊካውያን አገራቸውን እንደገና ለእመቤታችን አደራ ሰጡ።

አንግሊካውያን ወንድሞቻችንም በ1931 ዓ.ም. በዚያው መንደር የናዝሬትን ቤት አምሳል ሠርተው ይነግዱበታል። አንዱ ወገን ያፈረሰውን ሁለቱም ወገኖች ዛሬ በጸሎት ያቆሙታል። በ1982 ዓ.ም. ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እንግሊዝን ሲጎበኙ በለንደን ዌምብሌይ በቀደሱት ቅዳሴ የዎልሲንግሃም እመቤታችን ምስል ወደ መንበረ ታቦቱ ቀርቦ ነበር። እኚሁ አባት በመጋቢት 12 ቀን 2000 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ልጆች እውነትን እንጠብቃለን ብለው በዓመፅ ስለ ፈጸሙት በደል የእግዚአብሔርን ይቅርታ ለምነዋል። በፓሪስ የተደረገውን ዓይነት ግድያ ያስታወሰ ሰው ይህ ልመና ለምን እንዳስፈለገ ይገባዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ ስም ሰውን አያጸድቅም፥ አይኰንንምም። በቅዱስ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ከ12ቱ ሐዋርያት መካከል ይሁዳ የተባሉ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ጌታውን ሸጠ፥ ሌላው እስከ መጨረሻ ጸና (ሉቃ. 6፥16)። ንጉሥ ሳኦል ዳዊትን አሳደደ፤ ከዚያው ከብንያም ነገድ የተወለደው ሌላው ሳኦል ቤተ ክርስቲያንን ሲያሳድድ ኖሮ በጌታ ጥሪ ሐዋርያ ሆነ። ስለዚህ አንድን ልጅ በአባቱ ስም ወይም በወገኑ ስም አንፍረድበት። ናትናኤልም ጌታችን ከናዝሬት መሆኑን ሰምቶ ከዚያች መንደር መልካም ነገር መውጣቱን ተጠራጥሮ ነበር (ዮሐ. 1፥46)። ፊልጶስ ግን አልተከራከረውም፤ መጥቶ እንዲያይ ብቻ ጋበዘው። እኛም ስለ ሰው ስንሰማ የሚገባን መልስ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፥ ስም ከንቱ ነገር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ (ቍ. 2156-2159) እግዚአብሔር እያንዳንዱን ሰው በስሙ እንደሚጠራ፥ ስምም ለተሸካሚው ክብር ምልክት ሆኖ ሊከበር እንደሚገባ ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስም እግዚአብሔር ሕዝቡን በስም እንደ ጠራ ይመሰክራል (ኢሳ. 43፥1)። በጥምቀት የቅዱስን ስም የምንቀበለው ስሙ በአስማት እንዲጠብቀን ሳይሆን፥ ያ ቅዱስ አርአያና አማላጅ እንዲሆነን ነው። ስሙ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሥራን ይጠይቃል። ፍራንሲስ ሁሉ አሲዝያዊው ፍራንሲስ አይሆንም፤ ገብረ ማርያም ሁሉም በሕይወቱ ካላገለገለ የማርያም አገልጋይ አይሆንም።

ሦስተኛ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ጌታችን ራሱ በገጠር መንደር ስም ተጠርቶአል። ናዝራዊ ተባለ (ማቴ. 2፥23)፤ ያም የመንደር ስም በመስቀሉ ላይ በሦስት ቋንቋ ተጻፈ (ዮሐ. 19፥19-20)። የእግዚአብሔር ልጅ ሰዎች የናቁትን የመንደር ስም ወስዶ እስከ ሞቱ ተሸከመው፥ በትንሣኤውም አከበረው። የዎልሲንግሃም ትንሽ ቤት የሚያስታውሰን ይህንኑ ምሥጢር ነው። ያ ቤት አምሳሉ የሆነለት የናዝሬት ቤት መልአክ በእርግጥ ስም ያወጣበት ቤት ነውና፤ ገብርኤል «ኢየሱስ» የሚለውን ስም ለድንግል የነገራት በዚያ ነው (ሉቃ. 1፥31)። እንግዲህ አያቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ አልተሳሳቱም። መልአክ ያወጣው፥ ሰው ሁሉ የሚድንበት፥ አንድ ስም አለ። የእኛ ስሞች ሁሉ መልካም የሚሆኑት በዚያ ስም ሥር ሲኖሩ ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ጽሑፍ በወላጆች የጥምቀት ዝግጅት ወይም በወጣቶች ጉባኤ ለማጥናት የሚከተሉት ጥያቄዎች ይረዳሉ።

1. የጥምቀት ስማችን የማን ስም ነው? ስለዚያ ቅዱስ ሕይወት ለልጆቻችን ምን ነግረናቸዋል?
2. በአባቱ፥ በትውልድ ስፍራው ወይም በወገኑ ስም ምክንያት ያራቅነው ሰው አለን? «መጥተህ እይ» የሚለውን ግብዣ እንዴት ልንፈጽመው እንችላለን?
3. ጸሐፊው ፍራንሲስ ዎልሲንግሃም በፓሪስ ያየው ነገር በልቡ ምን ያሳደረ ይመስላችኋል? እኛ ካቶሊካውያን በሥራችን የክርስቶስን ስም በሌሎች ዘንድ ያሰደብንበት ጊዜ አለን?
4. አባ ፍራንሲስ ስለ አገልግሎቱ ስሙን ተወ። እኛ በቁምስናችን ስንሠራ የምንፈልገው ሥራው እንዲፈጸም ነው ወይስ ስማችን እንዲጠራ?

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ስማቸው በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው ነግሮአቸዋል (ሉቃ. 10፥20)። ድል ለሚነሣም ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያውቀው አዲስ ስም እንደሚሰጠው ተስፋ ሰጥቶአል (ራእ. 2፥17)። እነ ዋልስ ማን እንደ ነበሩ ምድር ረስታለች፤ እግዚአብሔር ግን አልረሳቸውም። እኛንም በስማችን የሚያውቀን መልካም እረኛ (ዮሐ. 10፥3) በመጨረሻው ቀን ሲጠራን «እነሆኝ» ለማለት ያብቃን። የናዝሬት እመቤት ቅድስት ድንግል ማርያም ታማልደን። አሜን።